አጥንቱ ገጥሟል፣ ጭኑ ግን አይታዘዝም፦ ከስድስት ሳምንት ጄሶ በኋላ የአንድ እግር ጉዳይ

ጄሶው ከተፈታ ሁለት ቀኑ ነው። ታካሚዋ አልጋው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። እኔ መዳፌን ከግራ ጉልበታቸው ሎሚ ከፍ ብዬ ጭናቸው ላይ አሳርፌ፣ "እስቲ ጭንዎን አጥብቀው ጉልበትዎን ወደ አልጋው ይጫኑት" አልኳቸው። ፊታቸው ኮስተር አለ። የቀኝ ጭናቸው ጠጠረ፣ ጥርሳቸውን ነከሱ፣ ትንፋሻቸውንም ያዙ። ከመዳፌ ሥር ግን ምንም አልተሰማኝም። የጉልበቱ ሎሚ ንቅንቅ አላለም።

"እኔ እያዘዝኩት ነው ልጄ፤ እሱ ነው የማይሰማኝ" አሉኝ።

ብዙ ታካሚ "እግሬ ደከመ" ወይም "ከሳ" ይላል። እሳቸው ግን ትእዛዝና ታዛዥ መለያየታቸውን ነበር የነገሩኝ፤ በኋላ በመሣሪያ ስንለካውም የሆነው ይኸው ነው። ከጄሶ የወጣ እግር ሁለት የተለያዩ ኪሳራዎች ይዞ ይወጣል፤ አንዱ የጡንቻው መጠን ነው፣ ሌላው ጡንቻውን የማዘዝ አቅም። አንደኛውን ዓይን ያየዋል፣ ሜትርም ይለካዋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሊበልጥ ይችላል፤ ሆኖም በጄሶ ቤትም በተመላላሽ ክፍልም ስሙን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። ጉዳዩን በታካሚዋ ፈቃድ በዝርዝር የምጽፈው ለዚህ ነው።

ጉዳቱና ጄሶው

ታካሚዋ የ58 ዓመት መምህር ናቸው። ደረጃ ሲወርዱ ተደናቅፈው በግራ ጉልበታቸው ወደቁ። ራጁ ላይ የጉልበት ሎሚው ተሰንጥቋል፤ ስባሪዎቹ ግን ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም። እግራቸውን ዘርግተው ከአልጋው ማንሳትም ችለዋል፤ ከጭን ጡንቻ ተነስቶ ሎሚውን አቅፎ ቅልጥም ላይ የሚያርፈው ጅማት አልተቆረጠም ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ስብራት ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። ጉልበቱ ቀጥ እንዳለ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይታሰራል። ለእሳቸውም ከላይኛው ጭን እስከ ቁርጭምጭሚት ጄሶ ታሰረላቸው። ስኳርም ሆነ የልብ ሕመም የለባቸውም፤ ከአደጋው በፊት ሥራቸውን ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚሠሩ ሰው ነበሩ።

ሕክምናው ትክክል ነበር። ቅር የሚለኝ አብሮት የተሰጠው ምክር ነው። በወረቀታቸው ላይ የሰፈረው "ዕረፍት፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ይመለሱ" የሚል ብቻ ነው። ጉልበቱ በጄሶ ቀጥ ብሎ እስከተያዘ ድረስ እንዲህ ያለ ስብራት ያለበት ሰው እግሩን እንዲረግጥ በአብዛኛው ይፈቀድለታል። ይህን ግን ማንም አልነገራቸውም። ስለዚህ ስድስቱን ሳምንት በሁለት ክራንች፣ ግራ እግራቸውን አንጠልጥለው አሳለፉ፤ አብዛኛውን ሰዓት ደግሞ ወንበር ላይ። በዚያ ላይ "ሳልንቀሳቀስ ብበላ እወፍራለሁ" ብለው ምግባቸውን ወደ ግማሽ ቀንሰዋል። ይህን የሰማሁት ሕክምናውን ከጀመርን በሁለተኛው ሳምንት ነው። መጠየቅ የነበረብኝ በመጀመሪያው ቀን ነበር።

ሜትሩ ያሳሳተኝ ቀን

በመጀመሪያው ቀን ከሎሚው የላይኛ ጠርዝ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብዬ የሁለቱንም ጭን ዙሪያ ለካሁ። ቀኙ 47፣ ግራው 45 ሳንቲ ሜትር ሆነ። የሁለት ሳንቲ ሜትር ልዩነት ብቻ ስለነበር "ብዙም አልከሳም፣ አይዞዎት" አልኳቸው።

ተሳስቼ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ደግሜ ስለካ ግራው 43.5 ሆኖ ተገኘ። ታካሚዋ ደነገጡ፤ እንቅስቃሴውን ከጀመሩ ወዲህ እግራቸው የባሰ የመነመነ መሰላቸው። እውነቱ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ልኬት ውስጥ እብጠት ነበረበት። ከተጎዳ ጉልበት የሚመነጨው ፈሳሽ ከሎሚው በላይ ባለው ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል፤ በዙሪያው ያለው ሥጋም ውሃ ይይዛል። እብጠቱ ሲጎድል የጭኑ ትክክለኛ መጠን ታየ። ለጥንቃቄ በመጀመሪያው ቀን ባታቸውን ነካክቼ፣ ሕመም ወይም ሙቀት እንዳለው አይቼ፣ ትንፋሽ ያጥራቸው እንደሆነም ጠይቄ ነበር። የታሰረ እግር የደም መርጋት ሊያስከትል ስለሚችል ይህ ፍተሻ ፈጽሞ መዘለል የለበትም።

የዙሪያ ልኬት እብጠት ባይኖር እንኳ ኪሳራውን ያሳንሳል። ጭንን ክብ ነው ብለን ብናሰላ፣ 47 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ ያለው ጭን አግድም ቢቆረጥ 176 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ይኖረዋል። 43.5 የሆነው ደግሞ 151 ገደማ። በሜትሩ ላይ 7 በመቶ የመሰለው ልዩነት በስፋት 14 በመቶ ይሆናል። ከዚህ ስፋት ውስጥ አጥንቱ አልቀነሰም፣ ከቆዳ ሥር ያለው ስብም እንደ ጡንቻ አይመነምንም። የጎደለው 25 ካሬ ሳንቲ ሜትር ከሞላ ጎደል የጡንቻ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ከጡንቻው አንጻር ኪሳራው ከ14 በመቶ በእርግጥ ይበልጣል።

በስምንተኛው ሳምንት ራጁ አጥንቱ መግጠሙን አሳየ። ሐኪማቸውም በሙሉ ኃይል እንድንለካ ፈቀዱ። ጉልበታቸውን 60 ዲግሪ አጥፌ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ቀበቶ አስሬ፣ የጡንቻ ኃይልን በሚለካው መሣሪያ፣ በዳይናሞሜትር፣ ገፉ። ቀኙ 24 ኪሎ፣ ግራው 9 ኪሎ። ጤነኛው ከሚያወጣው ኃይል 38 በመቶ ገደማ ብቻ!

ስፋቱ 14 በመቶ ሲቀንስ ኃይሉ ከ60 በመቶ በላይ ወርዷል። የጡንቻው ኪሳራ የዚህ 14 በመቶ እጥፍ ነበር ብንል እንኳ የኃይሉን ጉድለት ግማሽ አይሞላም። የቀረው ከየት መጣ?

ጡንቻው ለምን ይከሳል

ጡንቻ በየቀኑ እየፈረሰ በየቀኑ የሚገነባ ነገር ነው። ሸክም ሲያገኝ ግንባታውና ፍርሻው ይመጣጠናሉ። ሲታሰር ሚዛኑ ይዛባል። ብዙ ሰው ጡንቻው "እየፈረሰ" ይመስለዋል፤ በሰው ላይ የተደረጉ ጥናቶች የሚያሳዩት ግን በጤነኛ ሰው የታሰረ እግር ላይ ዋናው ጥፋት የግንባታው መቀዝቀዝ መሆኑን ነው። ይባስ ብሎ፣ የታሰረ ጡንቻ ፕሮቲን ቢቀርብለትም እንደ ድሮው አይጠቀምበትም። የታካሚዬ ምግብ መቀነስ የከፋው በዚህ ምክንያት ነው፤ ግንበኞቹ በሰነፉበት ሰዓት ድንጋዩም ተቋረጠ።

ፍጥነቱን በተመለከተ ግልጽ ቁጥር የሰጠን በ2014 በኔዘርላንድ የማስትሪክት ተመራማሪዎች ያወጡት ሥራ ነው። 24 ጤነኛ ወጣት ወንዶች አንድ እግራቸው በጄሶ ታሰረ፤ ግማሾቹ ለ5 ቀን፣ ግማሾቹ ለ14 ቀን። በ5 ቀን የፊተኛው ጭን ጡንቻ ስፋት 3.5 በመቶ፣ ኃይሉ 9 በመቶ ቀነሰ። በ14 ቀን ስፋቱ 8.4 በመቶ፣ ኃይሉ 23 በመቶ ገደማ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች አጥንታቸው አልተሰበረም፣ ጉልበታቸው አላበጠም፣ ዕድሜያቸውም ሃያዎቹ ውስጥ ነው። እንዲያም ሆኖ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ኃይላቸው የጡንቻቸውን መጠን ቀድሞ ወረደ። የታካሚዬ ቁጥሮች የዚሁ የከፋ መልክ ናቸው።

አስተሳሰሩም የራሱ ድርሻ አለው። ጉልበት ቀጥ ብሎ ሲታሰር የፊተኛው ጭን ጡንቻ አጥሮ ይቀመጣል፣ የኋለኛው ደግሞ ይለጠጣል። አጥሮ የታሰረ ጡንቻ ክብደቱን ብቻ ሳይሆን ርዝመቱንም ያጣል። በ1972 በታተመ በድመቶች ላይ የተደረገ ሥራ፣ የባት ጡንቻቸው አጥሮ ለአራት ሳምንት ሲታሰር በቁመት ከተደረደሩት ሳርኮሜሮች፣ ማለትም ጡንቻው ከሚኮማተርባቸው ትንንሽ ክፍሎች፣ 40 በመቶ ገደማ ጠፍተዋል፤ ተለጥጦ ሲታሰር ግን ቁጥራቸው ጨመረ። ታካሚዬ ከጄሶ ሲወጡ ጉልበታቸው 55 ዲግሪ ብቻ ይታጠፍ ነበር። መገጣጠሚያው ብቻ አልነበረም የደረቀው፤ የፊተኛው ጭን ጡንቻም አጥሮ ነበር። ወንበር ላይ ሲቀመጡ እግራቸው እንደ ዱላ ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ይቀር ነበር።

"አለ ለካ!"

ወደዚያ አልጋ ልመለስ። ሎሚው አልንቀሳቀስ ሲል የኤሌክትሪክ ማነቃቂያውን አመጣሁ። ሁለት ንጣፎች ጭናቸው ላይ ለጥፌ ኃይሉን ቀስ በቀስ ጨመርኩ። መጀመሪያ መውረር፣ ከዚያ መርገብገብ፣ ከዚያ የጭኑ ሥጋ ተሰብስቦ ጠጠረና ሎሚው በቆዳው ሥር አንድ ጣት ያህል ወደ ላይ ተንሸራተተ። ታካሚዋ እግራቸውን እንደ ሌላ ሰው እግር እያዩ፣ "አለ ለካ! እኔኮ ሞቷል ብዬ ነበር" አሉ።

ጡንቻው ነበረ። ከስቷል፣ አጥሯል፤ ከውጭ ለመጣ ትእዛዝ ግን ይሠራል። የማይሠራው ከእሳቸው አንጎል ተነስቶ በሕብለ ሰረሰር አልፎ ጭኑ የሚደርሰው ትእዛዝ ነው። ይህ ለምን ይሆናል? አንደኛው ምክንያት እብጠቱ ነው። ጤነኛ ጉልበት ውስጥ ጨው ያለበት ውሃ በመርፌ ሲገባ፣ ሕመም ባይኖርም እንኳ የፊተኛው ጭን ጡንቻ ወዲያው ይዳከማል። መገጣጠሚያው ሲወጠር የሚልከው ምልክት ሕብለ ሰረሰር ላይ የጡንቻውን ነርቮች ያፍናል። ሁለተኛው ምክንያት ከዚያ ከፍ ያለ ነው፤ ለሳምንታት ያልታዘዘን እግር አንጎል ራሱ በሙሉ ኃይል ማዘዝ ይተዋል።

ይህን ሁለተኛውን በአሜሪካ የኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2014 በሚገርም መንገድ አሳይተውታል። የጤነኛ ሰዎችን እጅና አንጓ ለአራት ሳምንት አሰሩ። ከፊሎቹ በሳምንት አምስት ቀን፣ እጃቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ በሙሉ ኃይል እየገፉ እንደሆነ በሐሳባቸው ብቻ ይለማመዱ ነበር። ያልተለማመዱት ኃይላቸውን 45 በመቶ ሲያጡ፣ በሐሳብ የተለማመዱት 24 በመቶ ብቻ አጡ። ጄሶው የሁለቱም ያው ነው። ልዩነቱን ያመጣው አንጎሉ እጁን አለመርሳቱ ነው። ይህን ውጤት ያነበብኩ ዕለት ስንቱን ታካሚ "ዕረፍት ያድርጉ" ብዬ እንደላክሁ አስቤ ከልቤ አዘንኩ።

በሌላ በኩል በጄሶ ጊዜ የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ብቻውን በየቀኑ ቢሰጥስ? የማስትሪክቶቹ ተመራማሪዎች ይህንንም ሞክረውታል። በ5 ቀን እስራት ውስጥ ማነቃቂያው የጡንቻውን መጠን ጠበቀ፤ ኃይሉን ግን አልጠበቀም። ለእኔ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ ሥጋውን ይመግባል፤ የባለቤቱን ትእዛዝ ግን አይተካም። ስለዚህ ከታካሚዬ ጋር ስንሠራ ማሽኑን ብቻውን አላስኬድኩትም። "ሲመጣ አብረው ይዘዙት፤ ከእሱ ቀድመው ይጭመቁ" እላቸው ነበር። በአራተኛው ቀን ማሽኑን ሳላበራ መዳፌን አሳርፌ ዝም አልኩ። ሎሚው ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ላይ ተሳበ። አምስት ሰከንድ ያዙትና ላብ አሰመጣቸው።

በጄሶው ውስጥ ሊደረግ ይችል የነበረው

ስድስቱ ሳምንታት ባዶ ጊዜ አልነበሩም፤ ባዶ ተደርገው ነው የተላለፉት። ሐኪሙ የፈቀደለት፣ ስብራቱ ያልተራራቀ ሰው ጄሶው ውስጥ ጭኑን ማጥበቅ ይችላል፤ አጥብቆ አምስት ሰከንድ መያዝ፣ መልቀቅ፣ ደግሞ መያዝ፣ በቀን ብዙ ጊዜ። እግሩን ከነጄሶው ቀጥ አድርጎ ማንሳት ይችላል። ቁርጭምጭሚቱን ማንቀሳቀስ ይችላል፤ ይህ ደሙንም ያንቀሳቅሳል። በተፈቀደለት መጠን መርገጥ ይችላል። ያልታሰረውን እግር በሸክም ማሠራትም ይጠቅማል፤ አንዱን ወገን ማጠንከር ለታሰረው ወገን ኃይል የተወሰነ ጥበቃ እንደሚያደርግ በበርካታ ጥናቶች ታይቷል፤ መንገዱም እዚያው አንጎል ውስጥ ነው። ቢያንስ ቢያንስ ደግሞ ዓይንን ጨፍኖ "አሁን እየገፋሁ ነው" ማለት ይቻላል። ይህ ማንኛውም ሰው፣ በየትኛውም ስብራት፣ ያለ ምንም መሣሪያ የሚያደርገው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የተራራቀ የሎሚ ስብራት ያለበት ሰው ጭኑን ቢያጠብቅ ስባሪዎቹን የበለጠ ሊያራርቃቸው ይችላል። ስለዚህ ምክሩ ለሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም፤ አጥንቱን ካየው ሐኪም አፍ መውጣት አለበት። ቅሬታዬም ይኸው ነው፤ የሚያውቀው ሰው እንዲናገረው ነው የምፈልገው።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። የኔዘርላንዱ የጦር ሐኪም አንቶኒዩስ ማታይሰን የጄሶ ፋሻን በ1851 ከሠራ ወዲህ አጥንትን ማሰር ቀላል ሆነ። በዚያው ክፍለ ዘመን ዌልሳዊው ሂዩ ኦወን ቶማስ የተጎዳ እግር ረጅምና ያልተቋረጠ ዕረፍት እንዲያገኝ አጥብቆ ሲከራከር፣ ፈረንሳዊው ሉካ ሻምፒዮኒየር ደግሞ ስብራትን ቶሎ ማንቀሳቀስና ማሸት ይሻላል ይል ነበር። አጥንቱን ስንመለከት ቶማስ፣ ጡንቻውን ስንመለከት ሻምፒዮኒየር ልክ ይመስላሉ። ታካሚው ግን አጥንቱንም ጡንቻውንም ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው።

የማገገሚያው ጉዞ

እስከ ስምንተኛው ሳምንት የሠራነው እብጠቱን መቀነስ፣ ጉልበቱን ቀስ በቀስ ማጠፍ፣ ጭኑን ማዘዝና በሙሉ እግር መርገጥ ነበር። እግራቸውን ዘርግተው ሲያነሱ ጉልበታቸው የመጨረሻዎቹን 15 ዲግሪ መዘርጋት አልቻለም፤ በእጄ ስዘረጋው ግን ያለ ችግር ቀጥ ይላል። ይህም ጉድለቱ ከመገጣጠሚያው ሳይሆን ከኃይሉ መሆኑን ነገረን። ክራንቹን ያስጣልኳቸው ይህ ጉድለት ከጠፋ በኋላ ነው፤ ቢቸኩሉም አልፈቀድኩም፣ ጉልበቱ በድንገት ከድቶ ደግመው ቢወድቁ የለፋንበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ከስምንተኛው ሳምንት በኋላ ሥራው ሸክም ሆነ። ከወንበር መነሳት፣ መጀመሪያ በሁለት እግር፣ ቀጥሎ ክብደቱን ወደ ግራ በማዘንበል። ከዚያ ዝቅተኛ ደረጃ መውጣት፣ ክብደት መግፋት። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየሁለት ሳምንቱ እየጨመርን። ምግባቸውን ወደ ነበረበት መለሱ፤ በእያንዳንዱ ማዕድ ላይ ፕሮቲን እንዲኖር ተስማማን።

በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ግራው 17፣ ቀኙ 26 ኪሎ ገፋ። የጭኑ ዙሪያ ግን 44.5 ላይ ነበር። ኃይሉ በእጥፍ ሊጨምር ጥቂት ሲቀረው ሥጋው አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ መለሰ። ታካሚዋ ሜትሩን አይተው "ምንም ለውጥ የለም" ሲሉ ዳይናሞሜትሩን አሳየኋቸው። መጀመሪያ የሚመለሰው ትእዛዙ ነው፤ ሥጋው በዝግታ ይከተላል።

የቀኙም ኃይል ከ24 ወደ 26 ማደጉን አስተውሉ። ጤነኛ ያልነው እግርም ስድስት ሳምንት ወንበር ላይ ተቀምጦ ደክሞ ነበር። ለማነጻጸሪያ የያዝነው መለኪያ ራሱ የወረደ ስለነበር የመጀመሪያው 38 በመቶ እንኳ ከእውነቱ የተሻለ መስሎ ታይቶናል።

በሃያኛው ሳምንት ግራው 23.5፣ ቀኙ 27 ኪሎ ደረሰ፤ 87 በመቶ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ወደ ማስተማሩ ተመልሰዋል። ዕድሜ እዚህ ላይ ይመጣል። በ2015 የወጣ የኮፐንሃገን ሥራ ወጣትና አረጋውያን ወንዶችን ለሁለት ሳምንት አንድ እግራቸውን አስሮ ነበር። ወጣቶቹ ከአረጋውያኑ የበለጠ ሥጋ አጡ፤ ሲጀመር ብዙ ስለነበራቸው። ከዚያ ለስድስት ሳምንት ብስክሌት እንዲነዱ ቢደረግም የቀድሞ ኃይላቸው ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ብስክሌት ለትንፋሽና ለልብ ጥሩ ነው፤ የጠፋ ኃይል ግን ከባድ ሸክም ይፈልጋል። ታካሚዬን በእግር መንገድ ብቻ እንዳይወሰኑ የወተወትኳቸው ለዚህ ነው።

የመጨረሻው ልኬት በሠላሳኛው ሳምንት ነበር። ጉልበታቸው 135 ዲግሪ ይታጠፋል። ግራው 25.5፣ ቀኙ 27.5 ኪሎ ይገፋል። የጭናቸው ዙሪያ ግራው 46፣ ቀኙ 47.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ደረጃ ሲወጡ የትኛው እግር እንደተሰበረ መለየት አይቻልም። ሲወርዱ ግን፣ ግራው ክብደታቸውን ይዞ ቀስ ብሎ መታጠፍ ያለበት ቦታ ላይ ሲደርሱ፣ እጃቸው ሳያስቡት ወደ መደገፊያው ይሄዳል። ለዚህ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካላት መርገጫ ላይ በግራ እግራቸው ብቻ እየቆሙ፣ እስከ አምስት እየቆጠሩ ቀኙን ወደ መሬት የማውረድ ልምምድ ሰጥቻቸዋለሁ፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ ሦስት ዙር። ቀሪውን 1.5 ሳንቲ ሜትር አደጋው ዓመት ሲሞላው እንለካዋለን።